ለወለንጪቲ የአዋሽ ድርሻዋ ዛሬ ይቈረጥላት

በምሥራቅ ሸዋ ቆላ የውሃ ነገር በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው «ጉድጓድ ይቆፈርልን» የሚል ድምፅ ነው። ጠያቂው የተጠማ ነውና አይወቀስም። የምወቅሰው መላሹን ነው። ጉድጓድ በአንድ የበጀት ዓመት ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ገብቶለት፣ ሪባን ተቆርጦለት በዜና ይነገራል። ፓምፑ ሲቃጠል ወይም መብራት ሲጠፋ ሕዝቡ ወደ ፈረቃ፣ ወደ ቦቴና ወደ ጋሪ ውሃ ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሹመኛም ሌላ ጉድጓድ ቃል ይገባል። ለቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ለወለንጪቲ ይህ መንገድ የትም አያደርሳትም።

አንደኛው ምክንያት ከመሬቱ ነው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ዝናቡ ሰርጎ በዚያ ዐለት ውስጥ ሲቆይና ሲሞቅ ፍሎራይድ ይሟሟበታል፤ ካልሲየም ያነሰው ውሃ ደግሞ ፍሎራይዱን የሚያዘቅጥለት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በዚህ ቀጠና ከዚያ ብዙ እጥፍ የተለካባቸው ጉድጓዶች ጥቂት አይደሉም። ጥልቅ መቆፈር መፍትሔ ይመስላል፤ እዚህ አገር ግን ጥልቀትና ሙቀት በጨመረ ቁጥር ፍሎራይዱ የሚብስበት ጊዜ አለ።

የዚህን ዋጋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ በኋላ በእርሻው መንደሮች የሰፈሩ ሠራተኞች ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጡ። የልጆቻቸው ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ከአዋቂዎቹም መካከል ወገባቸውና አንገታቸው የደረቀ፣ ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ተገኙ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሽታ ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኑት ኖረዋል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታም ጣዕምም የለው። ጠንቃቃ እናት አፍልታ ብታጠጣ እንኳ አይረዳም፤ እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ማሰሮው ውስጥ ይቀራልና ጭራሽ ይወፍራል። ማጣሪያ የለም ማለቴ አይደለም። በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራው የናልጎንዳ ዘዴም፣ የአጥንት ከሰሉም በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ተሞክረዋል። ኬሚካል የሚያቀርብ፣ አተላውን የሚያነሣ፣ በየጊዜው የሚለካ ሰው ግን ይፈልጋሉ። ለመንደር ይጠቅማሉ፤ የከተማ ዕድገት ግን አይሸከሙም።

ሁለተኛው ምክንያት የከተማዋ ማደግ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው ያለው ከተማ ለነዋሪ በቀን 50 ሊትር ሊያቀርብ ይገባው ነበር፤ ከ50 ሺህ ሲያልፍ 60፣ ከ100 ሺህ ሲያልፍ 80። እንግዲህ 40 ሺህ ሰው ያለበትን ከተማ ለምሳሌ ያህል እናስብ። በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ በ20 ዓመት 106 ሺህ ይሆናል። በቀን 2,000 ኪዩቢክ ሜትር ይበቃው የነበረው 8,500 ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በየቧንቧው የሚፈሰው ብክነት ሳይቆጠር። በአዲስ አበባና በጅቡቲ መንገድ ላይ ለተቀመጠች፣ አዳማም እየሰፋች ለምትመጣባት ወለንጪቲ ይህ የተጋነነ ግምት አይመስለኝም።

ይህን ያህል ውሃ በዘላቂነት ሊሰጥ የሚችለው አዋሽ ነው። አዳማም የምትጠጣው ከአዋሽ ተስቦ የተጣራውን ነው። ወለንጪቲ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ወደ 200 ሜትር ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ቁልቁለቱን በዚያ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። አንዴ ወደ አዳማ ከፍታ የተገፋ ውሃ ወደ ወለንጪቲ በራሱ ክብደት ሊወርድ ይችላል። የመብራት መቆራረጥ በበዛበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች ውሃ በሁለት ቢሮ፣ በሁለት ጥናት፣ በሁለት በጀት መታሰቡ ለእኔ አይገባኝም።

ያሉት ጉድጓዶችም አይጣሉም። ፍሎራይዱ በሊትር 4 ሚሊ ግራም የሆነ አንድ እጅ የጉድጓድ ውሃ፣ ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ካለው ሦስት እጅ የወንዝ ውሃ ጋር ቢደባለቅ 1.4 ገደማ ይሆናል፤ ከጣሪያው በታች ነው። ቧንቧ ሲሰበርም ጉድጓዱ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አዋሽ ባለቤቱ ብዙ ነው። የወንጂ ሸንኮራ ወደ ዶዶታና ወደ ወለንጪቲ ሜዳ ተስፋፍቷል፤ ወረድ ሲል የፈንታሌ፣ የኑራ ኤራና የመተሐራ እርሻዎች አሉ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የቤት ፍጆታ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ እንደሚቀድም በግልጽ ይናገራል። ሆኖም ቅድሚያ በቁጥር ካልተጻፈ ባዶ ክብር ነው። ቦይ ተቆፍሮ፣ ማሳ ተተክሎ፣ ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ ካለቀ በኋላ ከማን ላይ ተቀንሶ ነው ለከተማ የሚሰጠው? ደግሞም የምንለምነው ብዙ አይደለም። ሸንኮራ በአንድ ወቅት ከዝናብም ከመስኖም ከ1,500 እስከ 2,500 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ከላይ ያሰብነው የ106 ሺህ ሰው ከተማ የዓመት ፍጆታ 3.1 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ይህም ከ120 እስከ 210 ሄክታር ሸንኮራ የሚጠጣው ነው። በሺህ የሚቆጠር ሄክታር በሚያጠጣ ሸለቆ ይህን ለሰው መለየት ማንንም አያስርብም።

ድርሻ ማስቆረጥ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመጣው ውሃ ሊጠጣ የሚችል መሆን አለበት። በአዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቁን ሲያቁር ከ1.8 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶ ያህሉን ደለል ወስዶታል። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ፣ የሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ እዚያው ይገባል። ተመራማሪዎች መርዝ ሊያመነጭ የሚችለውን ማይክሮሲስቲስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋስ በሐይቁ ውስጥ አግኝተዋል። እንቦጩን እንኳ የጣና ብቻ አድርገን ስናወራው ኖርን እንጂ ቆቃ ቀድሞ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ያልተጣራ ፍሳሽ አዳማና ወለንጪቲ ላይ በማጣሪያ ወጪ ይከፈላል፤ የላይኛው ከተማ ግን እስከ ዛሬ ለታችኛው ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም።

«ወንዝ አይደርቅም» ለሚል ሐረርን ላስታውሰው። ሐረር ለዓመታት የሐረማያን ሐይቅ ጠጣች፤ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት፣ ከተማው ለቧንቧው እየቀዱ በ1990ዎቹ ማብቂያ ሐይቁ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል ካለ ጉድጓድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጎትቶ፣ አቀበት ተገፍቶ ነው የመጣው። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተመልሶ ታይቷል። ለሐረር ሰው ግን በደረቀበት ዘመን በቦኖ ሰልፍ ያባከነውን ጊዜ የሚመልስለት የለም።

የቦሰት ሕዝብ በጨፌ ኦሮሚያ ተወካዮች አሉት። ለሚቀጥለው በጀት «ስንት ጉድጓድ ይቆፈርልን» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት፣ በአዋሽ ላይ ለወለንጪቲ በቀን ስንት ኪዩቢክ ሜትር በስሟ እንደተመዘገበ ይጠይቁ። ካልተመዘገበ ከሌላው የመስኖ ፈቃድ በፊት ያስመዝግቡ።