ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን ቀለም መቀባት

የሥራና የቤት ኃላፊነት ለተደራረበባት እናት የግሏ ግማሽ ሰዓት ቅንጦት አይደለም። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት የቤተ እስራኤል ሴቶች በሚሠሯቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ትታወቅ ነበር። እነዚያ እንዳሉ ቢቀመጡ ይሻላል፤ ለልምምድ ግን በእሳት የተተኮሰ ተራ ምስል ይበቃል። ያልተተኮሰ ጭቃ በውሃ ይፈርሳል።

በመጀመሪያ አቧራውን ማራገፍ፣ ቀጥሎ በውሃ የቀጠነ ነጭ ቀለም በስሱ ቀብቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ልብሱን፣ በመጨረሻም ዓይኑን በቀጭን ብሩሽ መቀባት ነው። አንድ ጊዜ ከማወፈር ሁለት ጊዜ ማሳሳት ይመረጣል፤ ወፍራም ቀለም የፊቱን ቅርጽ ይደፍናል።

የብሩሹን ጫፍ በከንፈር ማሾል ጎጂ ልማድ ነው። ሕፃናት እናታቸው የምታደርገውን ያደርጋሉና እርጥብ ጨርቅ ከአጠገብ አይራቅ።