ከእጅ የወጣ፣ ከአፍ ያልወጣ

አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ኢማንሲፔሽንን በአማርኛ ምን ልበለው?» አለኝ። «ነጻ ማውጣት በለው» ብዬ ልገላገለው ነበር፤ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

ቃሉ ከላቲን ነው። «ማኑስ» እጅ፣ «ካፔሬ» መያዝ፣ ፊቱ ላይ ያለችው «ኤ» ደግሞ ማውጣትን ታመለክታለች። ከጨበጠ እጅ ማውጣት በሉት። ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1863 ካወጣው አዋጅ ጋር ስለምናውቀው የባሪያ ነገር ብቻ ይመስለናል። ሮማውያን ግን ባሪያ ሲለቁ «ማኑሚሲዮ» ይሉ ነበር። ኢማንሲፓሲዮ የሚሉት አባት ልጁን ከሥልጣኑ ሥር ሲያወጣ ነው። ያውም በጥንቱ ሕጋቸው ወንድ ልጅ የሚወጣው አባቱ ሦስት ጊዜ ከሸጠው በኋላ ነበር! (ሽያጩ ኋላ ላይ የይስሙላ ሆነ እንጂ።)

የአምባሰል ሰው ይሄን ሲሰማ ግሸን ትዝ ሊለው ይገባል። መስከረም 21 የምንወጣው አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት ነበር። እንደ ዐፄ ናዖድ ዙፋን ደርሶት የወረደ አለ፤ ሌላው እዚያው አርጅቷል። በዘር ከነሱ የሚበልጥ «የጨዋ ልጅ» ከየት ይመጣል? ግን እስረኞች ናቸው።

«ጨዋ» ካልን አይቀር፣ በግዕዝ «ፄዋ» ማለት ምርኮ ነው። ኋላ ጨዋ የንጉሡ ጭፍራ መጠሪያ ሆነ፤ የታሪክ ሰዎችም ስሙን ከዚያው ከምርኮው ያያይዙታል። ዛሬስ? ባሪያ ያልሆነ፣ ዘሩ የጠራ። የምርኮኛ ስም የምርኮኛ ልጅ መናቂያ ሆኖ አረፈው።

«ነጻ»ም ቢሆን ከ«ነጽሐ» የመጣ ነው፣ ንጹሕ ሆነ እንደማለት። ባሪያ የተደረገው ሰው አድፎ የነበረ ይመስል! ለዚህ ነው ለልጁ «አርነት ማውጣት» በል ያልኩት። አርነት ከ«ሐራ» ነው፤ ቁርአን የቀራችሁ የወሎ ልጆች «ሑር» የምትሉት ዘመዱ ነው። እድፍ የለበትም።

በእኛ አገር በ1916 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነበር፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን ባርነትን ጨርሶ ሻረ። እጁ ለቀቀ። አፉ ግን አለቀቀም፤ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር «ለመሆኑ የጨዋ ልጅ ናት?» የምትል አክስት አትጠፋም። በዚህች ጥያቄ ብቻ የፈረሰ ጋብቻ አውቃለሁ። ሁለቱም ተማሪዎቼ ነበሩ።