ውል የሌለው ቤት፦ አዲስ ገቢ ሙስሊም በጎጃም ትንንሽ ከተሞች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን ካጸደቀ ወዲህ ስለ ኪራይ የሚነገረው ሁሉ ማለት ይቻላል የአዲስ አበባ ወሬ ሆኗል። ማን ስንት ጨመረ፣ ማን ውሉን አስመዘገበ፣ ማን ተከራዩን በሰበብ አስወጣ። የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ አማኑኤል ላይ ከመኪና የሚወርደው ሰው በዚህ ወሬ ውስጥ የለም። ይህ ሰው አዲስ የተመደበ መምህር፣ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ጨርቅና ጫማ ይዞ ገበያውን ሊሞክር የመጣ ነጋዴም ሊሆን ይችላል። ከደሴ ወይም ከከሚሴ የመጣ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ሌላው ተከራይ የማያስባቸውን ነገሮች አስቦ ነው ቤት የሚፈልገው። ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ነው የሚል ይኖራል። እኛም የምንጽፈው ጥቂት ስለሆኑ ነው።

አማኑኤል በምሥራቅ ጎጃም ዞን የማቻከል ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ በተመዘገበበት በዚህ ዞን የሙስሊሙ ድርሻ ከመቶ 3 አልሞላም። ስለዚህ ወደ አካባቢው ትንንሽ ከተሞች የሚዛወር ሙስሊም ሙስሊም አከራይ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ክርስቲያን ቤተሰብ ከሚኖርበት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች ሰርቪስ ቤት ነው። ይህ በራሱ ችግር አይደለም። የጎጃም ሰው እንግዳ ያከብራል። ሙስሊም ጎረቤቱን ሲደግስ ለብቻ የሚያሳርድለት፣ ለብቻ ምጣድና ድስት የሚያስቀምጥለት ቤተሰብ በየከተማው ሞልቷል። ችግሩ የሚጀምረው ሁሉም ነገር በአከራዩ ደግነት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ነው።

ከመምህርነት ዘመናችን እንደምናውቀው ተዛዋሪ ሻንጣውን አልቤርጎ አስቀምጦ ቤት ሲፈልግ የሚጠየቀው አንድ ዓይነት ነው። ባለትዳር ነህ? ልጅ አለህ? የየት አገር ሰው ነህ? ሃይማኖቱን የሚጠይቀው ብዙ የለም፤ ስሙን ሲናገር ይታወቃልና። እሱም በበኩሉ ደፍሮ የማይጠይቃቸው ነገሮች አሉ። የግቢው በር ስንት ሰዓት ይቆለፋል? በረመዳን ተራዊሕ ሰግዶ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሲመለስ ማን ይከፍትለታል? ለሱብሒ በ11 ሰዓት ሲወጣ ውሻው ይታሰራል? ለውዱእ በቀን አምስት ጊዜ የሚቀዳው ውኃ በጋራ ቆጣሪ ሲታሰብ ጭቅጭቅ ያመጣ ይሆን? ባለቤቱ የግቢው ወንዶች ሳያዩአት የምትታጠብበት ቦታ አለ? እነዚህን በመጀመሪያው ቀን ቢያነሣ ቤቱን የሚያጣ ይመስለዋልና ዝም ብሎ ቀብድ ይከፍላል። ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ምሽት በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ ያልተነጋገሩበት ነገር ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። አከራዩም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ሌባ ፈርቶ ነው የሚቆልፈው።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለእንዲህ ዓይነቱ ተከራይ ምን ይዟል? አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ሁሉ በትክክል ሠርቷል ለማለት ባያስደፍርም ተከራዩ ቢያንስ የሚጠቅሰው ወረቀት አግኝቷል። በክልሎች ግን አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች መለየት ለክልሎቹ የተተወ ነው። እንደ አማኑኤል ባሉ ከተሞች ኪራይ እስካሁን በቃል፣ በአንድ ሲኒ ቡና ላይ የሚያልቅ ነገር ነው። ይህ ማለት ግን ሕግ የለም ማለት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ሁለት ሰዎች በፈቃዳቸው የተዋዋሉትንም ፍርድ ቤት ያከብረዋል። በፈቃድ መጻፍን የሚከለክል አዋጅ የለም።

ወረቀቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል? ምክንያቱ ከኪራይ ዋጋ ይሰፋል። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ይዞ መጥቶ በአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ማውጣት አለበት። ለዚህም የት እንደሚኖር የሚመሰክር ሰው ወይም ሰነድ ይፈለጋል። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ደግሞ በጎጃም መንገድ ላይ መታወቂያ ማሳየት የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። ከዚያ ቀደም፣ በ2014 ዓ.ም በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አከራዮች የተከራዮቻቸውን ማንነት እንዲያሳውቁ ታዘው ነበር። ጸጥታ ሲደፈርስ ‹ፀጉረ ልውጥ› የሚለው ቃል ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። በአነጋገሩ የወሎ ሰው፣ በስሙ ሙስሊም፣ በቤቱ ደግሞ ውል የሌለው ተከራይ ለዚህ ቃል ቅርብ ነው። የት እንደሚኖር ሲጠየቅ ‹እገሌ ግቢ› ከማለት በቀር የሚያሳየው የለውም። እገሌም በዚያ ቀን ፈርቶ አላውቀውም ቢል ምን ያደርጋል?

ሞጣንም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም በዚሁ ዞን በሞጣ ከተማ መስጂዶች ተቃጥለዋል፣ የሙስሊሞች የንግድ ቤቶች ወድመዋል። ያ ቀን በመላው አገሪቱ ሙስሊሙን አስለቅሷል፤ በርካታ ክርስቲያን ወገኖችም አውግዘውታል። ለያዝነው ጉዳይ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ በኪራይ ቤት የሚነግድና የሚኖር ሰው ጉዳቱን የሚያስረዳው በሰነድ ነው። ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ በውስጡ የነበረው ዕቃና በዚያ ቤት የመኖር መብት ግን የተከራዩ ነበር። ውል የሌለው ሰው ሁለተኛውን በምን ያስረዳል?

አንዳንድ ወንድሞች መፍትሔው መስጂድ አጠገብ መሰብሰብ ነው ይላሉ። ይገባናል። ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት፣ አዛን የሚሰማበት፣ ሰው ሲሞት ጀናዛውን የሚሸከም የሚገኝበት ሰፈር ለሙስሊም ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው። በትንንሽ ከተሞች እድሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጋር የተቆራኘ ስለሆነ፣ አዲስ ገቢው ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው የመቃብር ጉዳይ ነው ብንል አላጋነንም። ነገር ግን ተለይቶ መኖር በዚህች አገር ታሪክ ሁልጊዜ የሙስሊሙ ምርጫ እንዳልነበረ ማስታወስ ያሻል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጎንደር ላይ በጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖባቸዋል። የጎንደሩ አዲስ ዓለም ሰፈር በዚህ ይታወቃል። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን በሰሜኑ አገር አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም። በንግድና በሽመና የሚኖረውም የሰው መሬት ላይ ተጠግቶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጆች ሲወጡ ይህ በሕግ ደረጃ አበቃ። በማንኛውም ሰፈር ቤት ይዞ መኖር እንዲህ ዘግይቶ የተገኘ መብት ነው። ዛሬ በገዛ ፈቃዳችን ወደ አንድ ጥግ ብቻ እንሂድ ማለት ለእኛ አይዋጥልንም። በአንድ ከተማ ያለ ጀመዓ ሃያ ቤተሰብ ቢሆን፣ አሥሩ በመስጂዱ ዙሪያ ቢኖር፣ አሥሩ ደግሞ በየሰፈሩ በመልካም ጉርብትና ቢበተን ጀመዓው ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የሚበተነው ሰው ግን በእጁ ውል ይኑረው ነው የምንለው።

በሃይማኖታችንም ቢሆን ኪራይ፣ ማለትም ኢጃራ፣ በይሁንታ ብቻ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ዑለማዎች የሚከራየው ነገር፣ ዘመኑና ዋጋው ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ያስተምራሉ፤ ለጠብ የሚያደርስ ድብቅነት ውሉን ያበላሸዋልና። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛዋ፣ የምትናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑ ብዙዎቻችንን ሊያስገርም ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጂዱና መኖሪያቸው እስኪሠራ ለወራት ያረፉት በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) ቤት ነበር። ያ የእንግድነት ዘመን ነው። መስጂዱ የሚሠራበት መሬት የሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ሆኖ ሲገኝና በነፃ ውሰዱ ሲባሉ ግን ያለ ዋጋ አልተቀበሉም። እንግድነትና ውል የየራሳቸው ቦታ እንዳላቸው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም።

እንግዲህ ሥራው የማን ነው? ክልሉ አዋጁን በየከተማው ተፈጻሚ እስኪያደርግ መጠበቅ አንድ መንገድ ነው። እስከዚያው ግን በየከተማው ያለው የመስጂድ ኮሚቴ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። አንድ ደብተር ይበቃል። ለሙስሊም ተከራይ ፈቃደኛ የሆኑ አከራዮች ስም፣ የግቢው ሁኔታ፣ የመጨረሻው የኪራይ ዋጋ ይጻፍበት። ከደላላ ቀድሞ ይህ ደብተር ይከፈት። ሁለተኛው ነገር በሁለት ቅጂ የሚፈረም፣ አንድ ገጽ የማይሞላ የውል ቅጽ ማዘጋጀት ነው። ዋጋውና የክፍያው ቀን፣ የውሉ ዘመን፣ ለመልቀቅ የሚሰጠው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባበታል። ከእነዚህ ጋር በአዲስ አበባ ቅጾች ላይ የማናገኛቸው ሦስት መስመሮች ይጨመሩ። የግቢ በር ቁልፍ ለተከራዩም ይሰጠዋል። የውኃና የመብራት ድርሻው በሰው ቁጥር ወይም በቁርጥ ዋጋ ይታሰባል። በዒድ ቀን የት እንደሚያርድ አስቀድሞ ይታወቃል። አከራዩ እነዚህን በመጀመሪያው ቀን አንብቦ ከፈረመ የረመዳኑ ምሽት ጭቅጭቅ ግማሹ ያልቃል። ካልፈረመም ተከራዩ ሌላ ቤት ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ይህንንም ሻንጣው ገና አልቤርጎ ውስጥ ሳለ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ምስክርነቱ ላይ ደግሞ የመጅሊሱ ማኅተም ቢያርፍ መልካም ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አግኝቷል። በየደረጃው ያለው መዋቅሩ ‹ይህ ሰው በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው› ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ በቀበሌም ሆነ በአከራይ ዘንድ ከአንድ ግለሰብ ዋስ የተሻለ ክብደት ይኖረዋል። አከራዩም የሚጠቀምበት ነገር ነው። የማያውቀውን ሰው ግቢው የሚያስገባ አባወራ ሥጋት ቢይዘው አይፈረድበትም፤ ኪራይ ሳይከፍል ቢጠፋ የሚጠይቀው አካል እንዳለ ካወቀ በሩን ለመክፈት ይቀለዋል። ለዚህ ግን ኮሚቴው ለተከራዩ ብቻ እንደማይቆም፣ ያጠፋውንም ሙስሊም እንደሚገሥጽ አከራዮቹ ማመን አለባቸው። ይህ እምነት በአንድ ዓመት ላይገነባ ይችላል።

የሠራተኛ ዝውውር በብዛት የሚያልቀው በክረምት ነው። መስከረም ሲጠባ ተማሪም ሠራተኛም አንድ ላይ ቤት ይፈልጋል፤ ዋጋውም ያኔ ይወጣል። ደብተሩን ለመጀመር የወሰነ ኮሚቴ ካለ ከሐምሌ ባያሳልፈው ይመረጣል።