ተማሪን ወደ ኮሌጅ ስለ መጥራትና የፈቃድን ልክ ስለ መግለጥ

ልጅን ለከፍተኛ ትምህርት መጥራት ትልቅ አደራ ነው። የሚጠራውም ሰው ከነጋዴ ይልቅ ለመምህር የቀረበ ነውና፥ ቃሉ የሚመዘንበት ሚዛን ከገበያው ሚዛን የጠበቀ ሊሆን የተገባ ነው። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተሰማ ቁጥር ከሆለታ ዠምሮ በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ ድረስ ለወጣቶች የሚደርሰው ጥሪ፥ በሰሌዳም ቢጻፍ በስልክም ቢላክ፥ ስለ ክፍያው ቅናሽ አብዝቶ ሲናገር ስለ ፈቃዱ ልክ ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ባላገሩ ግን ጤፉን ወይም ድንቹን ሸጦ፥ ይህም ባይበቃው በሬውን ወደ ገበያ ነድቶ ልጁን የሚያስመዘግበው ይህን ጥሪ አምኖ ነው።

ጥሪው የሚበረታበት ምክንያት የታወቀ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው ሲፈተኑ፥ ከ896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች ያለፉት 48,929 ሆኑ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ቢሆንም ከመቶው ዘጠና አንድ የሚያህሉት ልጆች ከደጅ ቀሩ። ባዘነ ቤት ውስጥ የገባ የተስፋ ቃል ሳይመረመር ይታመናል። በዚያ ሳምንት «ለልጅህ ቦታ አለን» ብሎ የሚደውል ሰው እንደ ዘመድ ይቈጠራል።

አምቦም ትምህርትን ትናንት ያወቀች ከተማ አይደለችም። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት አድጎ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በአገሩ ሕዝብ ዘንድ ኮሌጅ ለሚባል ስም ያለው አክብሮት ከዚያ ዘመን ዠምሮ የተከማቸ ሀብት ነው፤ እንግዲህ አዲስ የመጣው ሁሉ እርሱ ያላከማቸውን እምነት መንዝሮ ሊበላ አይገባውም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ነገር ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያሻቸውም። ድጓ የሚመሰከረው በቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፤ ቅዳሴም በሰለልኩላና በደብረ ዓባይ። በቤተልሔም የተመሰከረለት የድጓ መምህር በዚያው ምስክርነት የዝማሬና የመዋሥዕት ጉባኤ ልዘርጋ ቢል የሚቀበለው የለም፤ ይኸውም ዕውቀት ስላነሰው ሳይሆን ምስክርነቱ የዚያ ስላልሆነ ነው። የከፍተኛ ትምህርት የእውቅና ፈቃድ ሥርዓትም እንደዚሁ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርቱ ዓይነት፥ ለየደረጃው፥ ለየካምፓሱ፥ ለመደበኛውና ለርቀቱም ለየብቻው ነው፤ ፈቃዱም የሚያበቃበት ጊዜ አለው። ስለዚህ ለአዲስ አበባው ካምፓስ በአካውንቲንግ የተሰጠ ፈቃድ በአምቦ ነርስ ለማስተማር አያገለግልም። በሰሌዳው ላይ «እውቅና ያለው» ብሎ ብቻ የጻፈ ኮሌጅ ሐሰት አልጻፍሁም ይል ይሆናል፤ የጻፈው እውነት ግን የሌላ ከተማና የሌላ ትምህርት እውነት ነው። እንዲህ ያለው እውነት ከግልጥ ሐሰት ይልቅ ይጐዳል፥ የሚጠራጠረው የለምና።

«እውቅናው በሂደት ላይ ነው» የሚለውም ቃል እንዲሁ መመርመር ያለበት ነው። ትርጓሜው ፈቃድ ጠይቆ ያላገኘ ማለት ነው፤ ያላገኘም የለውም። «ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀረው» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በእውነት የሚዘጋ ምዝገባ ኖሮ ሳይሆን፥ አባት ከዘመድ ጋራ ሳይመክር ገንዘቡን እንዲያወጣ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የመግቢያ ነጥብ ለሌለው ልጅ በዲግሪ እናስተምርሃለን ማለት ነው። ይህ ልጅ አራት ዓመት ከፍሎና ደክሞ፥ ጋውንም ለብሶ፥ ለሥራ በቀረበ ጊዜ ማስረጃው ሲጣራ «ከመዠመሪያው መግባት አይገባህም ነበር» ይባላል። ገንዘቡ በፍርድ ሊመለስ ይችል ይሆናል፤ ዕድሜው ግን በየትኛው ችሎት ይመለሳል?

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመዠመሪያ ጊዜ በአገር ደረጃ የተሰጠው የመውጫ ፈተና ተሸፍኖ የኖረውን ነገር ገለጠው። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች 48,632 ሲያልፉ፥ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 መካከል ያለፉት 12,422 ነበሩ፤ ይህም ከመቶ አሥራ ሰባት ያህል ነው። በዚህ ቁጥር የግሉን ተቋም ሁሉ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ብዙዎቹ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩ ሰዎች ናቸውና፥ ያለፉትም በታላቅ ትጋት ነው። ሆኖም ተማሪን የሚጠራ ኮሌጅ ሁሉ ከየትምህርት ክፍሉ ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ በጥሪው ወረቀት ላይ ቢጽፍ ፍትሕ ነው። ያማረለት ይጠቀምበታል፤ ያላማረለትንም ወላጅ አውቆት ይወስን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ ነጻ ሊሆኑ አይገባቸውም።

ሕግ የለም እንዳይባል፥ ሕጉ ሞልቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በተንኰል የተደረገ ውል እንዲፈርስ በቁጥር 1704 ደንግጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 ማታለልን ያስቀጣል። የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759/2004ም ሆነ የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክለዋል፤ የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152/2011ም የእውቅናን ነገር ወስኗል። የጐደለው ዐዋጅ ሳይሆን፥ ዐዋጁን ይዞ ከሰሌዳው ሥር ቆሞ «ይህን የጻፍኸውን ፈቃድ አሳየኝ» የሚል ሹም ነው። ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ሆኖ የየከተማውን ግድግዳ ሊያነብ አይችልም። የከተማው አስተዳደር ግን ሰሌዳው እንዲሰቀል የሚፈቅደው እርሱ ነውና፥ ከመስቀሉ አስቀድሞ ፈቃዱን ቢጠይቅ ግማሹ ችግር በዚያው ይቀራል።

ዝም ሲባል የሚመጣውም አስቀድሞ ታይቷል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ የርቀት ትምህርት ለጊዜው በጅምላ በታገደ ጊዜ፥ በትክክል ያስተማረውም ከአጥፊው ጋራ አብሮ ተዘጋ። ስለዚህ በእውነት የሚሠሩት ኮሌጆች ከሹማምንቱ ቀድመው የጐረቤታቸውን የሐሰት ጥሪ ሊቃወሙ በተገባቸው ነበር፤ ይህን ሲያደርጉ ግን እምብዛም አይታዩም።

ሌላው ነገር የቋንቋ ነው። በምዕራብ ሸዋ ገንዘቡን የሚያወጣው አባት የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ፥ የውሉ ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለፊርማ የሚቀርብለት ከሆነ ተነገረው ማለት አይቻልም። ፈቃድ ያላቸው ተቋማት ዝርዝር ከነትምህርቱ ዓይነትና ከነከተማው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ፥ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፥ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፥ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ ቢለጠፍ ወጪው ጥቂት ወረቀት ነው። ባለሥልጣኑ በኢንተርኔት የሚያወጣው መልካም ሆኖ ሳለ ለጄልዱ ገበሬ አይደርሰውም። ካህናትም ወረቀት ይዞ «አንብቡልኝ» የሚል ወላጅ ሲመጣባቸው፥ የተጻፈውን ከማንበብ አልፈው ያልተጻፈውን ቢጠይቁለት ታላቅ ምጽዋት ነው። ይኸውም ፈቃዱ ለየትኛው ትምህርት ነው፥ በዚህ ከተማ ነውን፥ እስከ መቼ ይጸናል፥ ልጁስ በያዘው ነጥብ ሊገባ ይችላልን?

የተማሪዎች ስልክ ቍጥር ከትምህርት ቤት መዝገብ ወጥቶ በደላሎች እጅ መዞሩም ከእንግዲህ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይችልም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዲህ ማድረግን የሚነካ ነውና፥ ርእሳነ መምህራን መዝገባቸውን ይቈልፉ። ለደላላ በተማሪ ቍጥር የሚከፈለውንም ገንዘብ ኮሌጆች ሊያቆሙት ይገባል፤ በራስ ቍጥር የሚከፈለው ሰው ልጁ የሚበጀውን ሊመክረው አይችልም። የዞኑ የትምህርት ጽሕፈት ቤትም ከመጪው ምዝገባ በፊት ኮሌጆችን ጠርቶ፥ የምዝገባ ደረሰኝ ሁሉ የፈቃዱን ቍጥር፥ የካምፓሱን ስምና ትምህርቱ ባይዠመር ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን ይዞ እንዲወጣ ቢያስማማ፥ ደረሰኙ በአባትዬው እጅ የሚቀር የክስ ማስረጃ ይሆናል።