ትኬት መስሎን ነበር

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄርንደን ቤቴ ቡና ተፈልቶ፣ ቶና ላይ ስንደርስ የታላቅ እህቴ ልጅ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለኝ። 19 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው አሌክሳንድሪያ ነው። አማርኛው እንደ ብዙዎቻችሁ ነው፤ ሲሰማ ሁሉም ይገባዋል፣ ሲመልስ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆናል።

እናቱ ስኒ እየቀዳች «ትኬት ነው፤ ስንት እንደሆነ እይና እንክፈለውና እንገላገል» አለችኝ።

ወረቀቱን ገለበጥኩት። 55 ማይል በተለጠፈበት መንገድ 78 ሲነዳ ተይዟል። የሚከፈለውን ገንዘብ ፈለግኩ፤ የለም። ያለው ቀንና ሰዓት፣ የፌርፋክስ ካውንቲ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት አድራሻ፣ ከዚያም «ሬክለስ ድራይቪንግ» የሚል ቃል ነው። በአማርኛ በግዴለሽነት ማሽከርከር ልንለው እንችላለን።

ስኒዬን አስቀመጥኩ።

በቨርጂኒያ ሕግ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የትም ቦታ ቢሆን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው የሚከሰሰው በወንጀል ነው። እስከ 2020 ሐምሌ ድረስ እንዲያውም ጣሪያው 80 ነበር። ክሱ «ክላስ 1 ሚስዲሚነር» ይባላል። ቅጣቱ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ከሱቅ ትንሽ ዕቃ መስረቅ፣ ሰው መምታት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጥቶ መንዳት ሁሉም እዚሁ ክፍል ውስጥ ናቸው። እህቴ ይህን ስነግራት «ልጄ ማንን ገደለና ነው ወንጀለኛ የሚሆነው?» አለች። አልፈረድኩባትም።

እዚህ ላይ ትርጉሙ ራሱ ያታልላል። ሚስዲሚነርን ብዙ ሰው «ቀላል ወንጀል» ብሎ ይተረጉመዋል። ወላጆቻችሁ «ቀላል» የሚለውን ይሰሙና «ወንጀል» የሚለውን ይዘሉታል። ሀገር ቤት «ደንብ መተላለፍ» የሚባል ነገር አለ፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ለብቻው ክፍል ሰጥቶታል። የእህቴ አእምሮ የሄደው ወደዚያ ነው። የቨርጂኒያ ሚስዲሚነር ግን አራት ደረጃ አለው። ሦስተኛውና አራተኛው በገንዘብ ብቻ ያስቀጣሉ፤ አንደኛውና ሁለተኛው እስር ቤት ሊያስገቡ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ወረቀት እንድታነቡ ስትጠየቁ «ትንሽ ነገር ናት» ብላችሁ አትተርጉሙ። የቱ ደረጃ እንደሆነ እዩ።

ልጁ ሌላም ያስጨነቀው ነገር ነበር። «ፈርሜያለሁ እኮ፤ አመንኩ ማለት ነው?» አለኝ። አይደለም። ፊርማው በቀጠሮው ቀን እቀርባለሁ ብሎ ቃል መግባት ብቻ ነው። እኔም ማስተርሴን ጨርሼ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መንገድ ዳር ቆሜ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ይህንኑ ጥያቄ ራሴን ጠይቄያለሁ። በቪዛ ያለ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ፖሊሱ ምን አስቦ ይሆን?

ጠበቃ ያዝን። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ልጁ ከቀጠሮው በፊት ስምንት ሰዓት የሚፈጅ የአሽከርካሪዎች ትምህርት ወሰደ። በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ (በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ) ፌርፋክስ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እህቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ጉዳዩ ሲደርስ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ዳኛዋ የትምህርቱን የምስክር ወረቀት አየች፣ ከዚህ በፊት ምንም የለበትም ሲባል ሰማች፣ ክሱን ዝቅ አድርጋ ተራ የፍጥነት ጥፋት አደረገችው። ገንዘብ ከፈልን። በሚስዲሚነሩ ጥፋተኛ ቢባል ኖሮ በመንጃ ፈቃዱ ላይ 6 ነጥብ ይያዝበት ነበር፤ የዲኤምቪ መዝገብም 11 ዓመት ይዞት ይቆይ ነበር። ውሳኔው ባያስደስተን ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለሰርኪውት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት፣ ጉዳዩንም እንደ አዲስ ማሰማት እንችል ነበር።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። የ14 ዓመት የምትሆን ልጅ ለአባቷ በጆሮው ታስተረጉማለች። አታድርጉት። በወንጀል ጉዳይ እንግሊዝኛ ለማይችል ተከሳሽ አስተርጓሚ የሚመደበው በቨርጂኒያ መንግሥት ወጪ ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። አባት በልጁ ፊት ስለ ጥፋቱ ሲጠየቅ ሁሉን አይናገርም። ልጅም ያልገባትን ቃል በገመት ትሞላዋለች።

ይህን ሰሞን ስናወራ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት የራሳቸውን አነሱብኝ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ዘመድ ጋር በተነሳ ጠብ ተከሰው ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አነሳው። «ተዘጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ረሱት። በቅርቡ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ሲያመለክቱ ግን በመረጃ ማጣሪያው ላይ መታሰራቸው ወጣ። ክስ ሲነሳ መዝገቡ አብሮ አይጠፋም። በቨርጂኒያ ነጻ የተባለ ወይም ክሱ የተነሳለት ሰው ለሰርኪውት ፍርድ ቤት አመልክቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ መዝገቡ ከሕዝብ ዓይን እንዲወጣ መጠየቅ አለበት። ከዚህ በፊት ሌላ መዝገብ ለሌለበትና ክሱ ሚስዲሚነር ለነበረ ሰው፣ ዐቃቤ ሕግ በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር፣ ይህ የሚገባው ነገር ነው። እትዬ «ማን ነገረኝ?» አሉኝ። እውነት ነው፤ ማንም አልነገራቸውም።

ጥፋተኛ የተባለ ሰውስ? ለረጅም ዘመን የቨርጂኒያ መልስ «ምንም» ነበር። በ2021 የወጣው ሕግ ይህን ለወጠ። አንዳንድ ሚስዲሚነሮች በራሳቸው ጊዜ ይታሸጋሉ፤ ለሌሎች ደግሞ ሰውየው ሰባት ዓመት ያለ አዲስ ጥፋት ከቆየ በኋላ ማመልከት ይችላል። ጠጥቶ መንዳትና የቤተሰብ አባልን መምታት በዚህ የማመልከቻ መንገድ አይታሸጉም። ሕጉ በጁላይ 1 ቀን 2025 እንዲጀምር ተቀጥሮ ነበር፤ ቀኑ ወደ ጁላይ 1 ቀን 2026 ተላለፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ የሜሪላንዱ ይለያል፤ እዚያ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ለብዙ ሚስዲሚነሮች የሚጠበቀው ጊዜ ከ10 ወደ 5 ዓመት ወርዷል።

«ማሸግ» ያልኩት አውቄ ነው። በሥራዬ አንድን መረጃ «ሰረዝነው» ስንል ብዙ ጊዜ አልሰረዝነውም፤ እንዳይታይ ምልክት አድርገንበታል። የፍርድ ቤት መዝገብም እንዲሁ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ መዝገቡ ክፍት በነበረበት ጊዜ ቅጂውን የወሰዱ የመረጃ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ የታሸገ ነገር ቅጥር ላይ ብቅ ቢል አትደንግጡ። አሠሪ በእንዲህ ያለ ሪፖርት ምክንያት ሊከለክላችሁ ካሰበ፣ አስቀድሞ የሪፖርቱን ቅጂ እንዲሰጣችሁ የፌዴራል ሕግ ያዛል። ቅጂውን ተቀበሉ፣ አንብቡት፣ ስህተቱን በጽሑፍ ተቃወሙ።

ከሁሉ የከበደውን የሰማሁት ግን ከፍርድ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። የእህቴ ልጅ «የእኔ ጓደኛም እኮ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው» አለ። ጓደኛው የመጣው ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ ግሪን ካርድ አለው። ከሱቅ ጃኬት ይዞ ሊወጣ ሲል ተይዟል። «ጥሩ ነገር ተሰጥቶታል፤ አጥፍቻለሁ ካለ 12 ወር ይፈረድበትና ሁሉም በገደብ ይሆናል። አንድ ቀንም አይታሰርም።»

መኪናውን ነዳጅ ማደያ አስገብቼ አቆምኩ።

እዚህ ለተወለደ ልጅ ያ ስምምነት ጥሩ ሊመስል ይችላል። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን የኢሚግሬሽን ሕግ የሚቆጥረው የተፈረደውን ጊዜ ነው፤ ገደብ መሆኑን አያይም። በስርቆት አንድ ዓመት ከተፈረደበት፣ ሕጉ «አግራቬትድ ፈለኒ» ወደሚለው ክፍል ሊያስገባው ይችላል፤ ያ ደግሞ ከሀገር ለማስወጣት ይበቃል። ፍርዱ በአንድ ቀን ቢያጥር ሌላ ነገር ነው። ኋላ ላይ ማሸጉም አያድነውም፤ የዜግነት ማመልከቻው የታሸገውንም ይጠይቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማርች 2010፣ ፓዲላ በተባለ የጭነት መኪና ሹፌር ጉዳይ፣ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው መንገር ግዴታው ነው ብሎ ወስኗል። ሊነግረው የሚችለው ግን ዜጋ አለመሆኑን ካወቀ ነው፤ ልጁ ደግሞ አፍሮ አልተናገረም።

«ቀጠሮው መቼ ነው?» አልኩት።

«ሐሙስ።»

እህቴ ከኋላ ወንበር «በል ደውልለት፣ አሁኑኑ» አለች። ደወለ። በግማሽ እንግሊዝኛ፣ በግማሽ አማርኛ «ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ ሳታናግር ምንም እንዳትቀበል» ሲለው ሰማሁት። ከወዲያ ያለው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እናቴ አታውቅም» አለ።

እህቴ ስልኩን ከልጇ እጅ ተቀበለችው።