የመሳቢያዎቹን ስም ብቻ ንገሩን

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ስማችን ስንት መዝገብ ላይ ሰፍሯል? መዝገቦቹስ ማን ጋ ናቸው?

ሐዋሳ፣ ቱላ ክፍለ ከተማ፣ ገጠር ቀበሌ የምትኖር እናት ቢያንስ ለአንዱ መዝገብ መልስ አታጣም። በጤና ኤክስቴንሽን አሠራር እያንዳንዱ ቤተሰብ በጤና ኬላው መደርደሪያ ላይ ማኅደር አለው፤ ፋሚሊ ፎልደር የሚባለው። መደርደሪያው በዓይን ይታያል። ማኅደሩን የምታወጣውን ሠራተኛም የሰፈሩ ሰው ያውቃታል።

ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግን መደርደሪያው ይጠፋል። የሚጠፋው ታዲያ ለእኛ ነው እንጂ ለባለሙያው አይደለም። ዳታቤዝ ማለት ትልቅ ቁም ሳጥን ነው በሉት። ውስጡ በመሳቢያ ይከፋፈላል፤ መሳቢያውን ባለሙያዎቹ ስኪማ ይሉታል። ፖስትግሬስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ፣ ወደ ግራ ያጋደለች ሰረዝ፣ ከዚያም «ዲ» እና «ኤን» ጽፎ ኢንተርን ሲጫን ስኪማዎቹ ከነባለቤቶቻቸው ይዘረዘሩለታል። የመደመር ምልክት ካከለበት ደግሞ ለማን ምን እንደተፈቀደ ጭምር ያያል። አራት ምልክት፣ በቃ!

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን? ምን? የት?» ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮን ነበር። ያቺ አጭር ትእዛዝ የምትጠይቀውም ይህንኑ ነው። ታዲያ ባለሙያው በሰከንድ የሚያገኘውን መልስ ባለመረጃው ዜጋ ለምን ያጣዋል?

ነገሩ የኮምፒውተር ሰዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣታችንን አሻራ፣ የዓይናችንን አሻራና የፊታችንን ፎቶ ይወስዳል። የተገነባው ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ የሚጠቀመው ፖስትግሬስኪውኤልን ሲሆን፣ ለቅድመ ምዝገባ፣ ለምዝገባ ሂደት፣ ለመታወቂያ ማከማቻና ለማረጋገጫ የየራሱ ክፍል አለው። ይህ ንድፍ ኢንተርኔት ላይ በይፋ ተቀምጧል። የቁም ሳጥኑ ንድፍ ለዓለም ክፍት ከሆነ፣ የእኛ መረጃ በየትኛው መሳቢያ እንዳለና ቁልፉ በእነማን እጅ እንደሆነ ለእኛ ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ዝርዝሩ ከወጣ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው» የሚሉ አይጠፉም። ስጋታቸውን አንንቅም። ነገር ግን የመሳቢያን ስም ማወቅና መሳቢያን መክፈት ይለያያሉ። ፖስትግሬስኪውኤል ራሱ በይለፍ ቃል ለገባ ተጠቃሚ ሁሉ የስኪማዎቹን ስም ያሳያል፤ ፈቃድ የሌለው ግን ውስጡን አያይም። ማይኤስኪውኤል ቆጠብ ይላል፤ ተራ ተጠቃሚ የሚዘረዘርለት ፈቃድ ያለው ዳታቤዝ ብቻ ነው። እኛም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም። የሌላውን ተዉት፣ የሚመለከተንን አሳዩን!

ሕጉ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስታረም መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ችግሩ፣ መረጃው የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ማንን ሄዶ ይጠይቅ?

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው። የሰው መረጃ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ገጽ ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፍ፦ ምን ምን መዝገብ እንዳለው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማን እንዲያይ እንደተፈቀደለት። ቱላ ላይ ከሆነ በሲዳሙ አፎና በአማርኛ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችል ደግሞ በቃል ይነገረው። ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፤ ባለሙያው ዝርዝሩን ማውጣቱን ያውቅበታል። የቀረው አለቃው «ለጥፈው» ማለቱ ነው።