የሊድስ እግር ኳስ ማኅበርና የተቋረጠው ውድድር

በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሊድስ ዩናይትድ እግር ኳስ ማኅበር ከከፍተኛው ማዕረግ ከወረደ 16 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በመካከሉም እስከ ሦስተኛው ደረጃ ዝቅ ብሏል። በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በሁለተኛው ደረጃ 37 ጨዋታ ፈጽሞ፥ በ71 ነጥብ ከሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፥ የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን አቋረጠው። የቀሩት 9 ጨዋታዎች ብቻ ነበሩ።

የሜዳው በር ሲዘጋ የመግቢያው ገንዘብ ይቆማል፤ ደመወዝ ግን አይቆምም። በዚህ ጊዜ ተጫዋቾቹ፥ አሠልጣኞቹና የማኅበሩ አለቆች የራሳቸው ደመወዝ እንዲቆይ በፈቃዳቸው ተስማምተው፥ የቀሩት ሠራተኞች እንዲከፈላቸው አደረጉ። ብዙ የሚቀበለው አስቀድሞ መታገሡ ትክክለኛ ሥርዐት ነው። በችግር ቀን ቅነሳን ከዘበኛና ከጠራጊ የሚጀምር መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ሊመለከተው ይገባል።

መከራው በገንዘብ ብቻ አልቀረም። የማኅበሩ የቀድሞ ዝነኛ ተከላካይ ኖርማን ሀንተር ሚያዝያ 9 ቀን፥ ይኸውም በእኛ የስቅለት ዕለት፥ በዚሁ በሽታ በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

በሰኔ ወር ውድድሩ ያለ ተመልካች ቀጠለ። ሊድስ የመጀመሪያውን ጨዋታ በካርዲፍ 2 ለ 0 ቢሸነፍም፥ ሐምሌ 10 ቀን ማደጉ ታወቀ፤ በ93 ነጥብም አንደኛ ሆነ። የለፋበትን በሜዳ ሊፈጽም ችሏል። ኑሮአቸው በመግቢያ ገንዘብ ለተመሠረተ ለሦስተኛውና ለአራተኛው ደረጃ ማኅበሮች ግን ይህ ዕድል አልተገኘም፤ ውድድራቸው ቆሞ ደረጃቸው በአማካይ ነጥብ ተቈረጠ። የድኻው ጉዳይ በወረቀት ብቻ ማለቁ ቅር ያሰኛል። ከእነርሱም አንዱ ትራንሚር ሮቨርስ፥ ከበላዩ ካለው በ3 ነጥብ ብቻ አንሶ፥ ያልተጫወተው 1 ተጨማሪ ጨዋታ በእጁ እያለ፥ ወደ ታች ወረደ።